ቦዴ ፕሎትን ከማትላብ በፊት በእርሳስ

ኮንትሮል ሲስተም የሚወስድ ተማሪ ላፕላስ ያውቃል፣ ሲስተሙ ስቴብል (የተረጋጋ) መሆኑን የሚለየውን የራውዝን ሰንጠረዥ ይሞላል፣ ማትላብ በሚባለው የስሌት ሶፍትዌር ላይም ፌዝ ማርጂኑን (መረጋጋት እስኪጠፋ የቀረውን ዲግሪ) በአንድ መስመር ያወጣል። ግን «25 ዲግሪ ወጣ፤ እና ሞተሩ ምን ይሆናል?» ስትሉት ዝም ይላል። እኔ የምመክረው አንዲት ቀላል ሲስተም ይዞ በሁሉም መንገድ፣ በእጅ፣ እስከ ጥግ መሄድ ነው። ሃያ ጥያቄ ላይ ላዩን ከመሥራት በብዙ ይሻላል።

ሲስተሟ ይቺ ናት፦ ከላይ ኬ (ጌይኑ፣ ማለትም የማጉያው መጠን) ብቻ፣ ከታች ኤስ፣ (ኤስ + 1) እና (ኤስ + 5) ተባዝተው። ፊድባኩ 1። የዲሲ ሞተር ፖዚሽን ኮንትሮል አድርጋችሁ ውሰዷት። ብቻዋን ያለችው ኤስ ፍጥነትን ወደ ቦታ የምትቀይር ኢንቴግሬተር ናት፣ ቀርፋፋው ፖል (ታችኛውን ዜሮ የሚያደርግ የኤስ ዋጋ፣ እዚህ -1) የሜካኒካሉ፣ ፈጣኑ (-5) የኤሌክትሪካሉ ነው።

በራውዝ ጀምሩ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የክሎዝድ ሉፑ (ፊድባኩ የተገናኘበት ሲስተም) እኩልዮሽ ኤስ ኩብ + 6 ኤስ ስኩዌር + 5 ኤስ + ኬ = 0 ነው። ራውዝ የመሃሎቹ ብዜት ከኬ እንዲበልጥ ይጠይቃል፦ 6 በ5 ሲባዛ 30። ስለዚህ ኬ በ0 እና በ30 መሃል እስካለ ድረስ ስቴብል ነው። 30ን ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፏት፣ ትፈለጋለች።

አሁን ኬን 10 አድርጉና ቦዴውን፣ ማለትም ጌይኑና ፌዙ (ውጤቱ ከግብአቱ የሚዘገይበት ማዕዘን) ከፍሪኩዌንሲ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚያሳየውን ግራፍ፣ ሳሉ። መጀመሪያ ከ(ኤስ + 5) ውስጥ 5ን አውጡ፤ ያኔ ጌይኑ 10 ሲካፈል ለ5፣ ማለትም 2 ይሆናል። ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው፦ 5ቷ ትረሳና መስመሩ በሙሉ 14 ዴሲቤል ወደ ላይ ይሰቀላል። መስመሩ በዲኬድ (ፍሪኩዌንሲው ኦሜጋ 10 እጥፍ ባደገ ቁጥር) 20 ዴሲቤል እየወረደ መጥቶ ኦሜጋ 1 ላይ 6 ዴሲቤል ይሆናል። ከዚያ በ40 ይወርዳል፣ ከ5 በኋላ በ60። በማስመሪያ ስትስሉት ዜሮ ዴሲቤልን 1.41 ላይ ያቋርጣል። ትክክለኛው መልስ ግን 1.23 ራዲያን በሰከንድ ነው፣ ምክንያቱም ፖሉ ያለበት ቦታ ላይ እውነተኛው ኩርባ ከቀጥታ መስመሩ 3 ዴሲቤል ዝቅ ይላል፣ እኛ ደግሞ የምናቋርጠው እዚያው አጠገቡ ነው።

ፌዙን በቀጥታ መስመር አትገምቱ፣ ካልኩሌተር አውጡና በአርክ ታንጀንት አስሉት። 1.23 ላይ ኢንቴግሬተሯ 90 ዲግሪ ትበላለች፣ የመጀመሪያው ፖል 51፣ ሁለተኛው 14። ድምሩ 155። እስከ 180 የቀረው 25 ነው፣ ፌዝ ማርጂን ማለት እሱ ነው።

ፌዙ 180 የሚሞላው የት ነው? ሁለቱ ፖሎች አንድ ላይ 90 ሲበሉ፣ እሱም የ5 ስኩዌር ሩት ላይ፣ 2.24 አካባቢ ነው። እዚያ ማግኒቲዩዱን ስታሰሉ አንድ ሦስተኛ ይመጣል። ስለዚህ ጌይን ማርጂኑ (መረጋጋት እስኪጠፋ ጌይኑ ሊያድግ የሚችልበት መጠን) 3 እጥፍ ወይም 9.5 ዴሲቤል ነው። 10ን በ3 አባዙት። ጥግ ላይ የጻፋችኋት 30 መጣች! ሩት ሎከስ (ኬ ሲለወጥ የክሎዝድ ሉፑ ፖሎች የሚሄዱበትን መንገድ) ብትስሉም ቅርንጫፎቹ ኢማጂናሪ አክሲሱን የሚያቋርጡት እዚያው 2.24 ላይ ነው። ሦስቱ ዘዴዎች ስለ አንድ ነገር እንደሚያወሩ በራሳችሁ እጅ ስታዩት ትምህርቱ ይበልጥ ይጣፍጣል።

ወደ ሞተሩ እንመለስ። ፌዝ ማርጂኑን ለ100 ስታካፍሉ የዳምፒንግ ሬሾ (መወዛወዙ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሞት የሚናገረው ቁጥር) ግምት ታገኛላችሁ፣ እዚህ 0.25። ትክክለኛው 0.21 ነው፣ ለግምት አይከፋም። ኦቨርሹቱ ወደ 50 በመቶ ይጠጋል፤ ሞተሩ ከታዘዘበት ቦታ በግማሽ ያህል አልፎ ሄዶ እየተወዛወዘ ይመለሳል ማለት ነው። ኬን ወደ 3 ስታወርዱት ማርጂኑ 56 ዲግሪ ይሆናል፣ ኦቨርሹቱም ወደ 12 በመቶ ይወርዳል፣ ግን ሲስተሙ ይዘገያል።

ዲሌይንም (ምልክቱ ዘግይቶ መድረሱን) አትዝለሉ፣ በተግባር ሲስተም የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ማግኒቲዩዱን ጨርሶ አይነካም፣ ፌዙን ብቻ ይበላል፦ ኦሜጋ ሲባዛ በዲሌዩ ሲባዛ በ57.3 ዲግሪ። ኬ 10 ሆኖ የ0.2 ሰከንድ ዲሌይ ቢገባ 14 ዲግሪ ይሄዳል፣ የሚተርፈው 11 ነው። 0.36 ሰከንድ ላይ ሁሉም አለቀ።

ማትላብ የሚከፈተው አሁን ነው። የፓይተን ኮንትሮል ላይብረሪም ነፃ ነው፣ ይበቃል። ቁጥሩ ከእናንተ በ14 ዴሲቤል ከራቀ የት እንደተሳሳታችሁ ታውቃላችሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፦ ኦፕን ሉፑ (ፊድባኩ ሳይገናኝ ያለው ሲስተም) በኢማጂናሪ አክሲሱ በቀኝ በኩል ፖል ካለው እነዚህን ማርጂኖች እንዲሁ አትመኗቸው፣ ናይኩዊስት እ.ኤ.አ. በ1932 ወዳወጣው ዘዴ ሂዱና ኩርባው -1 ነጥብን ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቁጠሩ።

ለልምምድ ኬን 10 ላይ ትታችሁ ሊድ ኮምፐንሴተር (ፌዝ የሚመልስ ማስተካከያ) ጨምሩ፦ ከላይ 10 ሲባዛ በ(ኤስ + 1)፣ ከታች (ኤስ + 10)። ዜሮዋ (ከላይ ያለችው ኤስ + 1) ቀርፋፋውን ፖል ትሰርዘዋለች፣ የዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ጌይኑ አይነካም። ማቋረጫው ወደ 1.85 ከፍ ይላል፣ ፌዝ ማርጂኑ ደግሞ 59 ዲግሪ አካባቢ መምጣት አለበት። ካልመጣ ከ(ኤስ + 5) እና ከ(ኤስ + 10) ውስጥ 5ን እና 10ን ማውጣታችሁን አረጋግጡ።