ኢንዛይም ለሚደልቡ ከብቶች ስትሰጡ ይቺን ልብ በሉ

ከብት የምታደልቡ ሰዎች፣ መኖ ላይ ኢንዛይም (መኖን ለማፈራረስና ለመፍጨት የሚያግዝ ፕሮቲን) ለመጨመር ካሰባችሁ መጀመሪያ ለምን እንደሆነ እወቁ። ለዶሮ እና ለአሳማ የሚሸጠውን አይታችሁ ፋይቴዝ (እህል ውስጥ የታሰረውን ፎስፈረስ የሚያወጣ ኢንዛይም) ምናምን አትግዙ፣ የከብት ጨጓራ ውስጥ ያሉት ማይክሮቦች ፋይቴዝን ራሳቸው ያመርቱታል፣ ብር ማባከን ነው። ለከብት የሚጠቅመው በብዛት ዛይላኔዝና ሴሉሌዝ ነው፣ ማለትም ገለባና ድርቆሽ ውስጥ ያለውን ፋይበር የሚያፈራርሱት፣ አሚሌዝ ደግሞ ለስታርች ነው።

አሰጣጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፈሳሹን ኢንዛይም በውሃ በጥብጣችሁ ደረቁ መኖ ላይ እርጩት፣ በደንብ አደባልቁትና ከማቅረባችሁ በፊት ትንሽ ጊዜ ስጡት፣ ምክንያቱም ኢንዛይሙ መኖው ላይ ቀድሞ ሲጣበቅ ጨጓራ ውስጥ ቶሎ አይፈርስም። ለብቻው ውሃ ላይ ጨምሮ ማጠጣት እንደዚህ አይሰራም። ፔሌት (በሙቀት ተጨምቆ የሚሰራ ድብልብል መኖ) የምታሰሩ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ስለሚገድለው ከፔሌቱ በኋላ ነው የሚረጨው።

ዶዙን አታብዙ በጣም!! ሲበዛ ውጤቱ እንደውም ይቀንሳል፣ ላቤሉ ላይ ያለውን ብቻ ተከተሉ። ሌላው፣ ኢንዛይም አሲዶሲስን (እህል ሲበዛ ጨጓራ ውስጥ አሲድ በዝቶ የሚመጣውን ህመም) አያስቀርም፣ ከገለባ ወደ እህል የምታሸጋግሩት ያው በ2 እና 3 ሳምንት ቀስ እያላችሁ ነው፣ ይሄን ዘላችሁ ኢንዛይም ላይ ብትተማመኑ ከብቶቹን ትጎዷቸዋላችሁ።

ውጤቱ እንደ መኖው ስለሚለያይ ለሁሉም ከመስጠታችሁ በፊት እኩል ኪሎ ያላቸውን ለሁለት ከፍላችሁ ለአንዱ ወገን ብቻ ስጡና እየመዘናችሁ አወዳድሩ።