ደም የሌለበት የመርማሪ ታሪክ ስታነቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው መገናኛ ደርሶ እስኪመለስ መጽሐፍ ያስፈልገዋል። እኔ ሰልፍ ላይም አውቶቡስ ውስጥም የማነበው ለስለስ ያሉ፣ ፈገግ የሚያሰኙ ተከታታይ የመርማሪ ልቦለዶችን ነው። ለሰው ሳውሳቸው ግን ብዙዎቹ ሠላሳ ገጽ እንኳ ሳያነቡ "ሰው አይሞትም እንዴ?" ብለው ይመልሱልኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፤ ሬሳ መጠበቅ። አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ያወጣቸውን የቦትስዋና ታሪኮች ውሰዱ። ማ ራሞትስዌ ከአባቷ የወረሰቻቸውን ከብቶች ሸጣ ጋቦሮኔ ላይ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች። ከመጀመሪያ ጉዳዮቿ አንዱ ምንድነው? "አባትሽ ነኝ" ብሎ አንዲት ሴት ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰውዬ። እውነት አባቷ ነው? ጥያቄው ይሄ ብቻ ነው። የተገደለ የለም። (መጨረሻው ላይ ስለ ደም ይወራል፤ እንዴት እንደሆነ ግን አልነግራችሁም።)

ሁለተኛው፣ ሻይ የሚጠጣበትን ገጽ መዝለል። "ታሪኩ ቆመ" ብላችሁ አትለፉት። ማ ራሞትስዌ ቀዩን የሩይቦስ ሻይ ይዛ ስትቀመጥ ምርመራው እዚያው እየተካሄደ ነው። ይሄ የገባኝ በብሎካችን በሆነ አንድ ነገር ነው።

የአንዲት ጎረቤታችን ቢጫ ጀሪካን ጠፋ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ ጥበቃው ተጠረጠረ፤ ቀጥሎ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ግን ቡና አፍልተው የደረጃውን ሰው ጠሩ። ማንንም አልጠየቁም። ፈንዲሻ እያደሉ እጀታው ላይ ቀይ ክር እንደታሰረበት ብቻ አነሱ። "ጀሪካን ሁሉ አንድ ነው፣ ከኔም ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል። እስቲ እናንተም እዩልኝ" አሉ። ቶናው ሳይቀዳ አንዷ "ልጁ እያለቀሰ ነው" ብላ ወጣች። ማታ ጀሪካኑ ባለቤቱ በር ላይ ተገኘ፤ ያውም ውሃ ተሞልቶ። እማማ እስከ ዛሬ ስም አልጠሩም። እኔም ስንተኛ ፎቅ እንደሆነች አልጽፍም።

የነዚህ መጻሕፍት ጣዕምም እዚህ ጋ ነው። ጥፋተኛው ነገ ደረጃ ላይ ያጋጥማችኋል፤ "ደህና አደርክ" ትሉታላችሁ። ማ ራሞትስዌም ብዙ ጊዜ የሚከብዳት እውነቱን ካወቀች በኋላ ነው። ለማን ትንገር? እንዴት ብላ?

"ይደጋግማል" ብሎ መተውም አለ። ረዳቷ ማ ማኩትሲ ከጸሐፊነት ኮሌጅ 97 ከመቶ አምጥታ ነው የተመረቀችው። ይሄ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። መጀመሪያ ፈገግ ትላላችሁ፣ ቀጥሎ ትሰለቻላችሁ፣ አራተኛው መጽሐፍ ላይ ገና ሳትናገረው ትስቃላችሁ። የግቢያችን ጥበቃ በየጠዋቱ "ዛሬም ረፈደብህ!" ይለኛል። አንድ ቀን ዝም ካለኝ ታሟል ማለት ነው። ስለዚህ ከቻላችሁ ከአንደኛው ጀምሩ። አሮጌ መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡት ጋ ግን ያገኛችሁትን ውሰዱ፤ ቅደም ተከተል ስትሉ ያመልጣችኋል።

አንድ የቀረ፦ "ማ"ን እንደ ስም አታንብቡት። በሴትስዋና ለሴት "ማ"፣ ለወንድ "ራ" የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ እንደኛ እትዬና ጋሼ። ሰውን ፊት ለፊት ሲወቅሱት እንኳ አይቀርም። የእንግሊዝኛውን "ዩ" በልባችሁ "አንተ" ብላችሁ ከመለሳችሁት ግማሹ ቀልድ ሄደ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እየዋሹኝ ነው" ብላችሁ አንብቡት።