መነፅር፣ ኮንታክት ሌንስ ወይስ ሌዘር? ከምርመራ ወረቀትዎ ተነስተው ይወስኑ

አብዛኛው ሰው «የቱ ይሻላል?» ብሎ ይጀምራል። መልሱ ያለው ግን የምርመራ ወረቀቱ ላይ ነው። የቁጥሩ መጠን፣ የኮርኒያው (ዓይንን ከፊት የሚሸፍነው ግልጽ ሽፋን) ውፍረት፣ የዓይኑ እርጥበትና ዕድሜ አንድ ላይ ሲታዩ ሌንሱን ወይም ሌዘሩን ከመነሻው ሊዘጉት ይችላሉ። መነፅር ለማንም አይዘጋም። ሌንስ የሚጠቀምም ሰው ዓይኑ የቀላ ቀን የሚያደርገው መነፅር ቤቱ መኖር አለበት።

ወረቀቱን ማንበብ

«ኦዲ» ቀኝ ዓይን፣ «ኦኤስ» ግራ ዓይን ነው። ስፊር የሚለው ዋናው ቁጥር ነው። የመቀነስ ምልክት ካለው ሩቁ ይደበዝዛል፤ የመደመር ከሆነ ዓይኑ በተለይ ቅርቡን ለማየት ይታገላል። የመቀነሱን ቁጥር በርቀት መተርጎም ይቻላል። −1.00 የሆነ ሰው ያለ መነፅር እስከ 1 ሜትር አጥርቶ ያያል፤ −2.00 የሆነው እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፣ −4.00 የሆነው እስከ 25 ሳንቲ ሜትር። ይህን ልኬት ያስታውሱት፤ ሌዘሩ ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ሲሊንደር (መጠኑ) እና አክሲስ (አቅጣጫው፣ በዲግሪ) የአስቲግማቲዝም ናቸው፤ ማለትም ኮርኒያው እንደ ኳስ ሳይሆን እንደ እንቁላል ጎን ሲሞላላ የሚመጣው ብዥታ ነው። አክሲሱ በ10 ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት ከእርማቱ ሲሶ ያህሉ ይባክናል፤ በ30 ዲግሪ ቢሳሳት ጥቅሙ ሁሉ ይጠፋል። በአዲስ መነፅር ወለሉ ያዘመመ መስሎ ከታየዎትና በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልለቀቀዎት፣ «ይለመዳል» ብለው አይቆዩ። ሄደው አክሲሱን ያስለኩ።

«በኮምፒውተር ታየሁ» የሚባለው ምርመራ ግማሹ ብቻ ነው። የማሽኑ ቁራጭ ወረቀት መነሻ ነው፤ ከእሱ በኋላ ሌንስ እየቀያየረ «ይሄ ወይስ ይሄ?» እያለ የሚጠይቅ ባለሙያ ሊኖር ይገባል። በልጆች ላይ ይህ የበለጠ ያሳስባል። ልጅ ማሽኑ ውስጥ ሲያይ ዓይኑን ለቅርብ ስለሚያጠብቅ የመቀነስ ቁጥሩ ከእውነተኛው በልጦ ይወጣል። ስለዚህ ልጅ መለካት ያለበት የዓይኑን ጡንቻ የሚያላላ ጠብታ ተደርጎለት ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ስኳሩ ከፍ ባለበት ሰሞን ቢለካ ቁጥሩ ያሳስተዋል፤ ስኳሩ ከተስተካከለ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይለካ።

መነፅር

ቁጥሩ ከ3 በታች ከሆነ ተራው 1.50 የሚባለው የፕላስቲክ ሌንስ ይበቃል (ይህ የዓይንዎ ቁጥር ሳይሆን የሌንሱ ብርሃን የማጠፍ አቅም ነው)። ከ4 ሲያልፍ 1.60 ወይም 1.67 ይጠይቁ፤ ሌንሱ ይሳሳል፣ ይቀላል። ከሌንሱ በፊት ግን ፍሬሙን ይምረጡ። የመቀነስ ሌንስ መሃሉ ሳስቶ ዳሩ ስለሚወፍር፣ ሰፊ ፍሬም የመረጠ ሰው ያንን ወፍራም ዳር ፊቱ ላይ ይሸከማል። ቁጥሩ 6 የሆነ ሰው አነስ ያለ ክብ ፍሬም ቢመርጥ ከውድ ሌንስ የማያንስ ጥቅም ያገኛል። ለልጅ፣ እንዲሁም አንድ ዓይኑ ብቻ ለሚያይለት ሰው ፖሊካርቦኔት ይሁን፤ ሲመታ እንደ ሌሎቹ አይሰባበርም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ፒዲ ነው፤ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት። በአብዛኛው አዋቂ ከ54 እስከ 74 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ቁጥሩ 1 ለሆነ ሰው የ5 ሚሊ ሜትር ስህተት ላይታወቅ ይችላል። በ6 ቁጥር ግን ያው ስህተት ዓይንን ይጎትታል፣ ራስ ያሳምማል፣ አንዳንዴም ነገሩን ሁለት አድርጎ ያሳያል። አሜሪካ ያለ አንባቢ ይህን ይወቅ፦ ሐኪሙ ምርመራው እንዳለቀ የመነፅር ወረቀቱን ሳይጠየቅና ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሰጥ የፌዴራል ደንብ ያስገድደዋል፤ ፒዲው ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍበትም፣ ያስጽፉት። አገር ቤት ላለ ዘመድ መነፅር አሠርተው የሚልኩ ከሆነም «ቁጥሩ 3 ነው» የሚል የስልክ መልእክት አይበቃም። ሙሉ ወረቀቱን ከነፒዲው በፎቶ ያስልኩ።

መንገድ ላይ የሚሸጠው የንባብ መነፅር በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ቁጥር አለው፤ ሲሊንደር የለውም። ሩቅ በሁለቱም ዓይኑ እኩል አጥርቶ የሚያይ ሰው ለጊዜው ያነብበታል። ችግሩ ምርመራውን ማስቀረቱ ነው፤ ግላኮማ ሳያሳምምና ምልክት ሳያሳይ ዕይታን ከዳር እየበላ ይመጣል።

ኮንታክት ሌንስ

ኮርኒያ ደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በዋናነት ከአየር ነው። ሌንስ እንባው ላይ ተንሳፍፎ ሲቀመጥ ያንን አየር ይቀንሳል፤ ቆቡ ሲከደን ደግሞ የበለጠ ያጥራል። ሌንስ አድርጎ መተኛት የኮርኒያ ኢንፌክሽንን ዕድል ከ6 እስከ 8 እጥፍ የሚያሳድገው አንድም በዚህ ነው። የአንድ ሰዓት የቀን እንቅልፍም ከዚህ አያመልጥም።

ሌንስ ከመነፅር በግልጽ የሚበልጥባቸው ሰዎች አሉ። ቁጥሩ በጣም ከፍ ያለ፣ የሁለቱ ዓይኖቹ ልዩነት ከ3 የሚበልጥ (በመነፅር አንዱ ምስል ከሌላው ያንስበታል)፣ ወይም ኬራቶኮነስ ያለበት ሰው። ኬራቶኮነስ ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት ሕመም ሲሆን፣ እየገፋ ሲሄድ መነፅር አጥርቶ ማሳየት ያቅተዋል፤ አየር የሚያሳልፈው ጠንካራ ሌንስ ግን ያሳየዋል። በተቃራኒው ዓይኑን የሚያሳክከው የአለርጂ ሕመምተኛ፣ ዓይኑ የሚደርቅበት፣ ትራኮማ በቆቡ ውስጥ ጠባሳ የተወበት፣ አቧራና ጭስ ውስጥ የሚውል ሠራተኛ ሌንስ ባያደርግ ይመረጣል።

የመነፅር ቁጥር የሌንስ ቁጥር አይደለም። መነፅር ከዓይን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚቀመጥ፣ ከ4 በላይ ሲሆን ቁጥሩ ይቀየራል። −5.00 መነፅር −4.75 ሌንስ፣ −8.00 መነፅር −7.25 ሌንስ ይሆናል። የሌንሱ ጉብጠትና ስፋትም በዓይንዎ ላይ ተሞክሮ ይወሰናል። ለሠርግ ተብሎ ያለ ልኬት የሚገዛ ባለ ቀለም ሌንስ አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ከጓደኛ ተውሶ ማድረግ ደግሞ የሌላ ሰው ጀርም ኮርኒያ ላይ መለጠፍ ነው። ለአንድ ቀን ከሆነ፣ ተለክቶ የአንድ ቀኑን ሌንስ ገዝቶ ማታ መጣል ይበጃል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። እጅ በሳሙና ታጥቦ ክር በማይለቅ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። ሌንሱን ጠቋሚ ጣትዎ ጫፍ ላይ አስቀምጠው ከጎን ወደ ብርሃን ይዩት። ዳሩ ቀጥ ብሎ እንደ ስኒ ከቆመ ልክ ነው፤ ዳሩ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ወደ ውጭ ከተዘረጋ ተገልብጧል። የተገለበጠ ሌንስ ዓይን ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ ይቆረቁራል። ሁልጊዜ ከቀኝ ይጀምሩ፣ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ። ኩልና ሌላ መኳኳያ ከሌንሱ በኋላ ይደረጋል፤ ኩሉ ከሽፋሽፍቱ መስመር ወደ ውስጥ አይግባ።

ማታ ሲያወልቁ ሌንሱን መዳፍዎ ላይ በመፍትሔው (ሶሉሽኑ) እያሹ 20 ሰከንድ ያህል ይጠቡት፣ ያለቅልቁትና በአዲስ መፍትሔ ይዘፍዝፉት። በትናንቱ ላይ መጨመር ጀርም የመግደል አቅሙን ያዳክማል። ማስቀመጫውን ጠዋት ደፍተው በመፍትሔ ካለቀለቁት በኋላ ደፍተው ያድርቁት፤ በየ3 ወሩ ይቀይሩት። የቧንቧ ውኃ፣ የተፈላም ቢሆን፣ ሌንሱንም ማስቀመጫውንም አይንካ። ውኃ ውስጥ የሚኖር አካንታሚባ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ሌንሱ ሥር ገብቶ ኮርኒያን ይበላል፤ ሕክምናው ወራት ይፈጃል። ሻወርና ዋናም ያለ ሌንስ ነው። ለአንድ ጥንድ በቀን 10 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚሄድ፣ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አንድ ወር ይዘልቃል። ባሉበት ከተማ መፍትሔው ሳይቋረጥ መገኘቱን ሳያረጋግጡ የወር ሌንስ አይጀምሩ።

ዓይንዎ ከቀላ፣ ካመመዎት፣ ብርሃን ካስፈራዎት ወይም ከደበዘዘብዎት ሌንሱን ወዲያው አውልቀው በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ። ሌንሱንና ማስቀመጫውን አይጣሉ፤ ጀርሙን ለመለየት ናሙና ይወሰድባቸዋል። ከፋርማሲ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ገዝቶ ማድረግ ቅላቱን ለቀናት ያጠፋል፣ ኢንፌክሽኑን ግን ያፋፋመዋል።

በሌዘር የሚሠራው

ሌዘሩ ኮርኒያውን ቀርፆ ቅርፁን ይለውጣል፤ የተነሣው አይመለስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ይቀራል?» ነው። ኮርኒያ በአማካይ ወደ 540 ማይክሮን ይወፍራል፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። ሌሲክ በሚባለው ዘዴ መጀመሪያ 110 ማይክሮን ያህል ውፍረት ያለው ክዳን ተቆርጦ ይገለጣል፤ ከሥሩ ሌዘሩ ለእያንዳንዱ ቁጥር 14 ማይክሮን ገደማ ያነሣል። ኮርኒያው 500፣ ቁጥሩ −6.00 የሆነ ሰው፦ 500 ሲቀነስ 110 ሲቀነስ 84፣ ይቀራል 306። ቁጥሩ −9.00 ቢሆን 264 ብቻ ይቀራል። ዝቅተኛው ወሰን 250 ነው፤ ብዙ ሐኪሞች ግን ከ300 በታች መውረድ አይፈልጉም። ከወሰኑ በታች ከወረደ ኮርኒያው ከዓመታት በኋላ ሊሾል ይችላል። ይህን ስሌት በራስዎ ቁጥር ሐኪሙ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ለሌዘር ቁጥራቸው ለበዛ ሰዎች ሌንስ ዓይን ውስጥ መትከል ሌላ መንገድ ነው።

ፒአርኬ ክዳን የለውም፤ የላይኛው ስስ ሽፋን ተነሥቶ ሌዘሩ ከላይ ይሠራል። ለሳሳ ኮርኒያ፣ ፊቱ ሊመታ ለሚችል ስፖርተኛና ወታደር ይሻላል። ዋጋው ሕመሙ ነው፦ ሦስት ቀን ያህል ያቃጥላል፣ ቁስሉ እስኪድን ዓይኑ ላይ የሚደረገው መከላከያ ሌንስ በ5ኛው ቀን ገደማ ይወጣል፣ ዕይታው የሚጠራው በሳምንታት ነው። ሌሲክ የተሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ያያል፤ ነገር ግን ዓይኑ ለወራት ይደርቅበታል። ስማይል የሚባለው በትንሽ ቀዳዳ ስለሚሠራ ክዳን አይቆረጥበትም።

ከመሠራትዎ በፊት ዕድሜዎ ቢያንስ 18 ሊሆን፣ ቁጥርዎም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ0.50 በላይ ያልተለወጠ ሊሆን ይገባል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይቆዩ። ለስላሳ ሌንስ ከልኬቱ 2 ሳምንት በፊት፣ አየር የሚያሳልፈው ጠንካራ ሌንስ ቢያንስ 3 ሳምንት በፊት ይወልቃል፤ ሌንሱ የኮርኒያውን ቅርፅ ስለሚጫን ልኬቱን ያሳስታል። የኮርኒያ ካርታ ሳይነሣ ቀጠሮ የሚሰጥ ቦታ ይለፍዎ። ኬራቶኮነስ ያለበት ሰው ሌሲክ አይሠራም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑን ሲያሳክከው ሲያሽ የኖረ ሰው ይህን በተለይ ያስመርምር።

አሁን ወደ ርቀቱ ልኬት እንመለስ። −2.00 የሆነ የ45 ዓመት ሰው መነፅሩን አውልቆ በ50 ሳንቲ ሜትር ስልኩን ያነባል። ቁጥሩ ወደ 0 ሲወርድለት ሩቁ ይጠራለታል፤ በዚህ ዕድሜ ዓይን ቅርቡን ማየት ስለሚያዳግተው ግን የንባብ መነፅር ያስፈልገዋል። ይህን ሳያውቁ የተሠሩ ሰዎች «ዓይኔ ተበላሸ» ብለው ይመለሳሉ።

ለሕክምናው ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ ከሆነ ለፒአርኬ ቢያንስ ሳምንት ይያዙ። ከዚያ በኋላ ለወራት የሚደረገው የስቴሮይድ ጠብታ የዓይን ግፊት ሊጨምር ስለሚችል፣ ግፊቱን የሚለካልዎትን ሐኪም ከመሄድዎ በፊት አገር ቤት ያግኙ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ይበረታል፤ ፒአርኬ የተሠራ ዓይን ላይ ጭጋግ የመሰለ ጠባሳ ሊያመጣ ስለሚችል ጥቁር መነፅር ሳያደርጉ አይውጡ።

ከመሠራትዎ በፊት የነበረውን ቁጥር፣ የኮርኒያውን ጉብጠትና ውፍረት የያዘውን ወረቀት ኮፒ ተቀብለው ከልደት ካርድዎ ጋር ያስቀምጡ። በዕድሜ የሞራ ግርዶሽ መጥቶ የዓይን ሌንስ ሲቀየር፣ ሌዘር የነካው ኮርኒያ የተለመደውን ስሌት ያዛባል፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ያንን ወረቀት ነው።