ኦፕንስትሪትማፕን ለምርምር ስንጠቀም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማስተርስ ዲፌንስ ላይ ተቀምጬ ነበር። ተማሪው የአንድ ገጠር ወረዳ ነዋሪ ጤና ተቋም ለመድረስ ስንት ሰዓት በእግሩ እንደሚሄድ በፈቃደኞች ከሚሳለው የኢንተርኔት ካርታ፣ ከኦፕንስትሪትማፕ ዳታ አስልቷል። ስሌቱ ንጹሕ ነው፤ ካርታውም ያምራል። ድምዳሜው፣ አብዛኛው ሰው ከአራት ሰዓት በላይ ይጓዛል ይላል። ከታዳሚው አንዱ የዚያው ወረዳ ተወላጅ ነበርና እጁን አውጥቶ «የእኛ ቀበሌ ጤና ኬላ የታለ?» አለ። ካርታው ላይ የለም። የአጎራባቹ ቀበሌም የለም። ተማሪው ያገኘው አንድ ሆስፒታልና ሁለት ጤና ጣቢያ ብቻ ነው። ጤና ኬላዎቹን እስከዚያ ቀን ድረስ ካርታው ላይ ያስገባ ሰው አልነበረም።

ልጁ ጎበዝ ነው፤ ለፍቷልም። ያልነገርነው እኛ ነን። ይህን የምጽፈውም በዚህ ካርታ ጥናት ለሚሠሩና ለሚያማክሩ ሰዎች ነው። ኦፕንስትሪትማፕን ስቲቭ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር ጀመረው። ማንም ሰው ገብቶ ይስላል፣ ያርማል፤ ዳታው በክፍት ፈቃድ በነፃ ይወርዳል። በጀት ለሌለው ተመራማሪ ይህ ትልቅ በረከት ነው። ሆኖም እያንዳንዱ መስመር የተሳለው አንድ ሰው በሆነ ቀን፣ በሆነ ምክንያት ሊስለው ስለፈለገ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች ሁሉ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

ባዶውን ቦታ «የለም» ብሎ ማንበብ

ከሁሉም የከፋው የዚያ ተማሪ ስህተት ነው። ካርታው ላይ ያለ ነገር «ይህ አለ» ሊል ይችላል፤ ባዶ ቦታ ግን «እዚህ ማንም አልሳለም» ከማለት ያለፈ ነገር አይናገርም።

የእኛን አገር ካርታ ለሚያጠና ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ በጎ ፈቃደኞች ፖርቶፕረንስን ከሳተላይት ምስል ላይ በቀናት ውስጥ ሳሏት። ለአደጋ ጊዜ ካርታ የሚሠራው ሂውማኒታሪያን ኦፕንስትሪትማፕ ቲም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ የቀይ መስቀል ማኅበራትና ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተሳተፉበት ሚሲንግ ማፕስ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2014 ተከተለ። አሠራራቸው ሰፊውን ቦታ በትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ለፈቃደኞች ማደል ነው። አንዱ ካሬ ያልቃል፣ ጎረቤቱ ይቀራል። የቤቶችን ጥግግት በቀለም ስታወጡት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ ቤቱ ግጥም ብሎ ሞልቶ ይመጣና በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ባለ መስመር ላይ ያቆማል። ከመስመሩ ወዲያ አንድም ጎጆ የለም። በየትኛውም አገር መንደር እንዲህ ተቆርጦ አያልቅም። ይህን መስመር ካያችሁ የምትለኩት የሰውን አሰፋፈር ሳይሆን የሥራ ድልድሉን ነው።

ስለዚህ ከስሌቱ በፊት የካርታውን ሙላት ፈትሹ። በዕጣ ሃምሳ ያህል ትናንሽ ካሬዎች ምረጡና በሳተላይት ምስል ላይ ያለውን ቤት በዓይናችሁ ቆጥራችሁ ካርታው ላይ ካለው ጋር አነጻጽሩ። አድካሚ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ከዚያ በተጨማሪ የሃይደልበርግ ተመራማሪዎች ያዘጋጁትን ኦሶም (ohsome) የተባለ መሣሪያ ተጠቅማችሁ በቦታው የተሳለው መንገድ ከዓመት ዓመት እንዴት እንዳደገ ተመልከቱ። ግራፉ ገና ሽቅብ እየወጣ ከሆነ ሥራው አላለቀም። ጠፍጣፋ ሆኖ ከተኛ ወይ ሞልቷል ወይ ሠሪው ትቶት ሄዷል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ያ በዓይን የቆጠራችሁት ነው።

የለንደንን ቁጥር ለባሕር ዳር መጥቀስ

ሞርደካይ ሃክላይ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት የእንግሊዝን ኦፕንስትሪትማፕ ከመንግሥታዊው ኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታ ጋር አነጻጽሮ፣ የቦታ ልዩነቱ በአማካይ 6 ሜትር ገደማ መሆኑን አሳየ። ይህ ቁጥር እስካሁን በየመመረቂያ ጽሑፉ «የኦፕንስትሪትማፕ ጥራት የተረጋገጠ ነው» ለማለት ይጠቀሳል። ነገር ግን ያ የእንግሊዝ ቁጥር ነው፤ ያውም ካርታው ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ የተለካ። ያው ጥናት ደሃ ሰፈሮች ከሀብታሞቹ ያነሰ እንደተሳሉም አሳይቷል፤ ይህን ግን የሚጠቅስ ጥቂት ነው።

መንገድና ቤትም አንድ አይደሉም። ባሪንግተን ሊ እና ሚላርድ ቦል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ግምት በዓለም ላይ ካለው መንገድ ከ80 በመቶ በላዩ ካርታው ላይ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው የሄርፎርትና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ቤቶችን ተመለከተ። በ1,848 የከተማ ማዕከላት የቤቶቹ ሙላት ከ80 በመቶ ሲበልጥ፣ በ9,163 ከተሞች ከ20 በመቶ በታች ነው። ያው አንድ ካርታ ነው! የሚጠቅማችሁ ቁጥር እናንተ ራሳችሁ በጥናት ቦታችሁ፣ ለምታጠኑት ነገር የለካችሁት ብቻ ነው።

ማመሳከሪያውን ሳይመረምሩ ማመን

«ጥራቱን ከመንግሥት ካርታ ጋር አነጻጽሬ ለካሁ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ዳተም፣ ማለትም የቦታ ልኬቱ ከየት እንደሚነሳ ስለሚወስነው መሠረት ነው። የቀድሞዎቹ የአገራችን 1፡50,000 ቶፖግራፊ ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም ነው። ኦፕንስትሪትማፕ ያለው በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሳይቀይሩ አንዱን ባንዱ ላይ የደረቡት እንደሆነ መንገዱ ሁሉ ከመቶ ሜትር በላይ ይፈናቀላል። አንድ ጊዜ አንድ ረቂቅ ላይ «የፈቃደኞች ካርታ አማካይ ስህተት» ተብሎ የቀረበው ቁጥር እንዳለ ይኸው መፈናቀል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የሰው እጅ ስህተት በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ሁሉም ነጥብ ወደ አንድ አቅጣጫ እኩል ከሸሸ ግን ችግሩ ያለው ዳተሙ ወይም ፈቃደኞቹ ያዩት የሳተላይት ምስል ላይ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ማመሳከሪያው ራሱ ወደ ካርታው ገብቶ እንደሆነ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2021 የአፍሪካን ቤቶች ኮምፒውተር ከምስል ለይቶ እንዲያወጣ አድርጎ በክፍት ፈቃድ ለቋል። ፈቃደኞች ከእንዲህ ዓይነት ዳታ ቤቶችን እያጣሩ ባስገቡበት ቦታ መልሶ በዚያው ዳታ ጥራት መለካት፣ ሰውየውን ከገዛ ፎቶው ጋር ማመሳከር ነው።

የታግን ትርጉም ከመዝገበ ቃላት መፈለግ

«ሀይዌይ» የሚለው ታግ (የተሳለው ነገር ምን እንደሆነ የሚናገር መለያ) ፈጣን መንገድ ማለት አይደለም፤ ከአስፋልት እስከ እግር መንገድ ሁሉም በእርሱ ሥር ነው። ይበልጥ የሚጎዳው «አንክላሲፋይድ» ነው። ተማሪው «ደረጃው ያልታወቀ» ብሎ ያነበውና ለጥንቃቄ ሲል ይሰርዘዋል። ቃሉ የመጣው ከእንግሊዝ የመንገድ አመዳደብ ሲሆን፣ ትርጉሙ መንደርን ከመንደር የሚያገናኝ አነስተኛ የሕዝብ መንገድ ነው። ደረጃው ላልታወቀ መንገድ «ሮድ» የሚባል ሌላ መለያ አለ። ስለ ገጠር ተደራሽነት እያጠናችሁ «አንክላሲፋይድ»ን ከሰረዛችሁ፣ ገበሬው ገበያ የሚወጣበትን መንገድ ቆርጣችሁ ጣላችሁት።

በስም መፈለግም እንዲሁ ያሳስታል። አንዱ «ቅድስት ሥላሴ»፣ ሌላው «ቅድስት ስላሴ»፣ ሦስተኛው በእንግሊዝኛ ይጽፋል። «ቤተ ክርስቲያን» ተለያይቶም ተያይዞም ይገኛል። በታግ ፈልጉ፤ በስም መፈለግ ግድ ከሆነ መጀመሪያ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ አምጡ።

ቀኑን አለመመዝገብ

ካርታው በየደቂቃው ይቀየራል። ዳታውን ያወረዳችሁበትን ቀን ጻፉ፤ ፋይሉንም አስቀምጡ። አዲስ አበባን የምታጠኑ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሚ ኩራ ሲጨመር ክፍለ ከተሞቹ 11 ሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ፒያሳና ካዛንቺስ ውስጥ ሰፊ ቦታ ፈርሷል። የድሮውን ወሰን ከአዲሱ ካርታ ጋር ካጋባችሁ ቁጥሩ የየትኛውም ጊዜ አይሆንም። የዓመት ቁጥር ስትጽፉም እ.ኤ.አ. ወይም ዓ.ም. በሉ፤ የ2012 ዓ.ም. የመስክ መረጃ ከፈረንጆቹ 2012 ካርታ ጋር ሲነጻጸር አይቻለሁ።

የካርታውን ታሪክ ለምታጠኑ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ መንገድ የነጥቦች ሰንሰለት ነው። ሰው ነጥቦቹን ቢያንቀሳቅስ የነጥቦቹ ዕትም ቁጥር (በታረሙ ቁጥር የሚጨምረው) ያድጋል እንጂ የመንገዱ አያድግም። የመንገዱን ዕትም ብቻ ቆጥሮ «ለዓመታት ያልታረመ» ማለት ትናንት ተስተካክሎ ያደረን መንገድ ተረስቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሣዩን ሁሉ የሰፈሩ ሰው አድርጎ መቁጠር

የወሎን ጎጆ የሳለው ሰው ጀርመን ያለ ተማሪ ወይም የአንድ ኩባንያ ደመወዝተኛ ሊሆን ይችላል። ትላልቅ ኩባንያዎች ቡድን ቀጥረው እንደሚያስሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት በዝርዝር ተገልጿል። የአካውንት ብዛት ቆጥሮ «ጠንካራ የአካባቢ ማኅበረሰብ አለ» ማለት አይቻልም። ጠይቋቸው፤ መልእክት መላኪያ አለ፣ ብዙዎቹም በደስታ ይመልሳሉ። ስማቸውን ግን ጽሑፋችሁ ላይ አታውጡ። አንድ ሰው መቼና የት እንደሳለ ተደማምሮ ሲታይ የሚኖርበትን ሰፈር ያሳብቃል።

ፈቃዱን ችላ ማለት

ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ የዳታው ፈቃድ ኦዲቢኤል (ክፍት የዳታቤዝ ፈቃድ) ነው። ምንጩን በግልጽ ጥቀሱ፤ ከእርሱ የሠራችሁትን ዳታቤዝ ለሕዝብ ካወጣችሁ በዚያው ፈቃድ አውጡ። ካርታው ላይ ጉድለት ስታገኙ ደግሞ ከጎግል ካርታ ገልብጣችሁ አትሙሉት። አይፈቀድም፤ ሲደረስበትም ይሰረዛል፣ የሌላውም ሰው ልፋት አብሮ ሊሰረዝ ይችላል።

እውነተኛው ካርታ ላይ መሞከር

አንድ ኮርስ ላይ መምህሩ ተማሪዎቹን «የፈለጋችሁትን መንገድ ሳሉና አስገቡ፣ ስንት ቀን ሳይታረም እንደሚቆይ እንለካለን» አላቸው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ወንዝ የሚያቋርጡ፣ ቤት ሰንጥቀው የሚያልፉ መንገዶች ገቡ። ከሳምንት በላይ ቆዩ። አንድ ፈቃደኛ ማታ ማታ እየተቀመጠ አንድ በአንድ አጠፋቸው፤ ተማሪዎቹንም በጨዋ ቋንቋ «እባካችሁ ምን ለማድረግ ፈልጋችሁ ነው?» እያለ ጠየቀ። በእነዚያ ቀናት ያንን ዳታ አውርዶ አምቡላንስ ያሰማራ ወይም እርዳታ የጫነ መኪና የላከ ሰው እንዳለ ማንም አያውቅም። ለልምምድ የተዘጋጀ የተለየ ሰርቨር አለ፤ እዚያ የተሳለው ከዋናው ካርታ አይገባም። ተማሪዎቻችሁን እዚያ አስጀምሯቸው፤ ወደ ዋናው ሲመጡ የሚያውቁትን ሰፈር ይሳሉ፣ ጤና ኬላውንም ያስገቡ።