ማስታወቂያ ላይ የሚታይ ልጅ እንዲወደድ ምን እናድርግ?

ጅማ ውስጥ ለሱቅ፣ ለፈርኒቸር ቤት፣ ለግል ትምህርት ቤት፣ ቡና ቆልተውና ፈጭተው አሽገው ለሚሸጡ ሰዎች አጫጭር ማስታወቂያ እሠራለሁ። አብዛኛው ደንበኛ ገና ወንበር ሳይዝ «ልጅ ይግባበት» ይለኛል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ልጅ ዓይን ይስባል። ግን ማስታወቂያው በአንድ ምሽት አራት አምስት ጊዜ ሲደጋገም ሪሞት የሚያስነሳውም ያው ልጅ ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በትንሽ ካሜራ ለምትሠሩና ልጃችሁን ለቀረጻ ልትሰጡ ላሰባችሁ ወላጆች ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። የሚያናድደው ልጁ አይደለም። የሚያናድደው ትልቅ ሰው የጻፈለት ዓረፍተ ነገር፣ ትልቅ ሰው ያስጠናው ድምፅ፣ ትልቅ ሰው ያሳየው የእጅ ውርወራ ነው። ስለዚህ ለልጁ የሚሠራው ነገር ስጡት። ንግግር ካስፈለገ ከሚሠራው ነገር ውስጥ ራሱ ይወጣል።

«አባዬ፣ ጥራቱን የጠበቀ ፍራሽ በተመጣጣኝ ዋጋ እያለ ለምን አትገዛልንም?» ይህን የሚል የስድስት ዓመት ልጅ ከየት ይመጣል? ልጅ ስለ ፍራሽ ቢያወራ ስለ መዝለል ነው የሚያወራው። እዚህ ላይ ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ ልጅ ወላጁን ሲጨቀጭቅ ወይም ሲያሳፍር የሚያሳይ ማስታወቂያ አልሠራም። ቤት ሆኖ የሚያየው ልጅ ያንኑ ይማራል፤ የወር ደመወዙ ከቀለብ የማያልፍ አባት ደግሞ በገዛ ሳሎኑ ይሸማቀቃል። ለአንድ ፍራሽ ሽያጭ ይህን ያህል መሄድ አይገባም።

ወደ ድምፅ ልሂድ፤ ብዙው ጥፋት ያለው እዚያ ነውና። ልጆቻችን ሰው ፊት መናገር የሚለማመዱት በወላጆች ቀን ግጥም በማቅረብ ነው። ደረት ይነፋል፣ እያንዳንዱ ቃል ተለያይቶ ይጮኻል፣ የመስመሩ መጨረሻ ወደ ላይ ይሳባል። ሜዳ ላይ፣ ያለ ማይክ፣ ከኋላ ለቆመው ወላጅ እንዲሰማ ያ ድምፅ ትክክል ነው። አንገትጌ ላይ ለተሰካ ማይክ ግን አይሆንም። የሰው ጆሮ ይበልጥ ንቁ የሚሆነው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ አካባቢ ላሉ ድምፆች ነው፤ ሰው ሲጮህ ደግሞ የድምፁ ጉልበት ወደዚያው አካባቢ ይወጣል። የልጅ ድምፅ ከመነሻው ቀጭን ስለሆነ ጩኸቱ በቀጥታ ጆሮ ውስጥ ይሰነቀራል። ኤዲት ላይ ድምፁን ብትቀንሱትም ያው የተቀነሰ ጩኸት ነው። መፍትሔው ቀረጻው ላይ ነው፤ ልጁ የሚያወራለት ሰው በክንድ ርቀት አጠገቡ ይቀመጥ። ቅርብ ላለ ሰው ማንም አይጮህም።

አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ተስፋዬ ሣህሉ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ብለው ሰላም ሲሉን ያደግን ብዙ ነን። ስቱዲዮ ገብተው የሚያወሩት ልጆች ደስ የሚሉት የሚያወሩት ለእሳቸው ስለነበር ነው። የሚያዳምጣቸው ትልቅ ሰው ፊት ለፊታቸው አለ፤ ካሜራው ከጎን ሆኖ ያያል።

ከዚህ ጋር አንድ ልማድ ይቅር እላለሁ፦ ትልቅ ሴት ድምፅዋን አቅጥና የልጅ ቮይስ ኦቨር (ከምስሉ ጀርባ የሚሰማ ንግግር) መሥራት። ጊዜ ይቆጥባል፤ ጆሮ ግን ወዲያው ይለየዋል። ልጅ የሚናገረው አንድ ቃል ካስፈለጋችሁ ከልጅ ውሰዱት፤ ካልተገኘ ልጁ ዝም ይበል።

ዝም ያለ ልጅ ማስታወቂያን እንደሚሸከም የውጭዎቹም አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካ ውስጥ ላይፍ ለተባለ የቁርስ እህል በተሠራው ማስታወቂያ ሦስት ወንድማማቾች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ሁለቱ ትልልቆች ሳህኑን እየተገፋፉ አንቀምስም ይላሉ፤ ትንሹ ማይኪ ጎትቶ መብላት ይጀምራል። ልጆቹ በእውነትም ወንድማማቾች ነበሩ፤ ማስታወቂያውም ከአሥር ዓመት በላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ቮልስዋገን ሱፐር ቦውል ለሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ ያቀረበው አለ። ጥቁር የፊልም ጭንብል ያጠለቀ የስድስት ዓመት ልጅ እጁን ዘርግቶ ውሻውን፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን በአስማት ሊያዝ ይሞክራል፤ በመጨረሻ አባቱ በርቀት ቁልፍ መኪናዋን ሲያስነሱለት ራሱ ያስነሳት መስሎት ይደነግጣል። የልጁ ፊት አንዴም አይታይም። በሁለቱም ማስታወቂያ ዋናው ልጅ አንድ ቃል አይናገርም፤ የሚያደርገው ነገር ግን አለው።

ልጅ ስትመርጡ እንግዳ ሲመጣ የሚጨፍረውን፣ «በይ ዘፈኗን አሳያቸው» የምትባለውን አትቸኩሉባት። እኔ እናቶቹን ቡና አስጠጥቼ አስወራለሁ፤ ልጆቹ ሲሰለቻቸው ምን እንደሚያደርጉ ከሩቅ አያለሁ። የጠርሙስ ክዳን ይዞ የሚመሰጥ ልጅ ካገኘሁ እሱ ነው። ከተቻለ እህትና ወንድም አብራችሁ ውሰዱ፤ መተዋወቃቸው በዓይናቸው ይታያል። ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ቀኑን የሚወስነው የልጁ እንቅልፍ ነው፤ ስድስትና ሰባት ይመቻል። በዚህ ዕድሜ ግን የፊት ጥርስ ይወልቃል። ቀረጻውን ለሁለት ሳምንት ከፍላችሁ ከያዛችሁት ጥርስ ይዞ በር የገባው ልጅ ሳሎን ሲደርስ ጥርሱ ሊጠፋ ይችላል። በአንድ ጠዋት ጨርሱት። የወለቀውን ጥርስ ደግሞ በፍጹም አትደብቁ።

ቋንቋውም አለ። እዚህ ከተማ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ሰፈር ወጥቶ አማርኛ የሚናገር ልጅ ብዙ ነው፤ ዳውሮኛ ወይም የምኛ የሚጨመርበትም አለ። ማስታወቂያው በሁለት ቋንቋ ከተፈለገ አንዱን ልጅ በማይቀናው ቋንቋ አታስጠኑት። ወይ ሁለት ልጆች ውሰዱ፣ ወይ ልጁ ያለበትን ክፍል ያለ ንግግር ቅረጹና ትልቅ ሰው በየቋንቋው ያንብብበት።

የጅማን ዝናብ የማያውቅ ሰው ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ይይዛል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከወረደ በኋላ እንኳን የልጅ፣ የትልቅ ሰውም ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ በክረምት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ሕርማታ አካባቢ ከሆናችሁ ሐሙስን ተዉት፤ የገበያ ቀን ነው። ባጃጅ በሁሉም ቦታ አለ፤ ከአስፋልቱ ገባ ያለ ግቢ፣ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ያለው ክፍል ፈልጉ። አዛንና ቅዳሴ የሚሰማበትን ሰዓት ከሠፈሩ ሰው ጠይቁ። ልጁን የባህል ልብስ አልብሶ ጂረን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ማቆም ለሁሉም ሰው ይመጣለታል፤ እዚያ የሚሠራው ነገር ከሌለው ግን የቆመ ጌጥ ይሆናል።

ለልብስ ታጥቦ የለሰለሰ ጥጥ ይሁን፤ አዲስ የሚያብረቀርቅ ቀሚስ ማይክ ላይ ይንኮሻኮሻል። ለመክሰስ ሙዝ ስጡ። ቆሎና ብስኩት ይንኮሻኮሻሉ፣ ፍርፋሪውም ደረት ላይ ይቀራል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አታስለብሱ፤ ልጁ የት እንደሚማር አገር እንዲያውቅ አያስፈልግም።

አሁን አንዱን ቀረጻ ከቅርብ ላሳያችሁ። ደንበኛው ቡና አሽገው የሚሸጡ ሰው ናቸው። ስክሪፕታቸው ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ፓኬቱን ደረቷ ላይ ይዛ «የጅማን ቡና እውነተኛ ጣዕም ከእኛ ዘንድ ያገኛሉ» እንድትል ነበር። ፓኬቱን ተቀብዬ ወደ ጎን አደረግሁና ልጅቷን ከአያቷ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። መሃላቸው ሰፌድ ሙሉ ጥሬ ቡና። አያቷን «እንደ ቤትዎ ይልቀሙ» አልኳቸው። ለልጅቷ ደግሞ «ከአያትሽ ዓይን ያመለጠ ካለ ፈልጊ» ብቻ። ካሜራውን በሰፌዱ ልክ ዝቅ አድርጌ ተከልኩ፤ ማንም «አክሽን» አላለም፤ ካሜራው ከመቀመጧ በፊት እየቀረጸ ነበር። ለጥቂት ደቂቃ የፍሬው መንሿሿት ብቻ ተሰማ። ከዚያ ምላሷን በጥርሷ ክፍተት ብቅ አድርጋ ሁለት ጣቷን ፍሬው ውስጥ ሰደደች። አንዲት ነገር አወጣች። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አገላበጠቻትና በሹክሹክታ «አኮ፣ ይቺ እኮ ድንጋይ ናት» አለች፤ አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አያቷ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና «ጎሽ የኔ ልጅ፣ እኔንስ አልፋኛለች» አሏት። ልጅቷ ድንጋዩዋን በጉልበቷ ላይ ለብቻዋ አስቀምጣ ወደ ለቀማዋ ተመለሰች።

ደንበኛው ሲያዩት ተቆጡ። «ቡናዬ ውስጥ ድንጋይ አለ ልትሉ ነው?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ መሟገት አያዋጣም። ስክሪፕታቸውንም እንደጻፉት ቀርጬላቸው ስለነበር ሁለቱን አስከትዬ ለባለቤታቸው አሳየሁ። ባለቤታቸው የመጀመሪያውን ዝም ብለው አዩ። ሁለተኛው ላይ ሳቁና «ይሄማ የእናቴ ቤት ነው፤ ከዚህ ቤት ድንጋይ አያልፍም ማለት አይደል?» አሉ። መጨረሻው ላይ በትልቅ ሰው ድምፅ «ተለቅሞ የተቆላ» የሚል ብቻ ጨመርን። እናንተም የደንበኛውን ሐሳብ አትጣሉ፤ ሁለቱንም ቅረጹና ሱቁን የማያውቅ ሰው አብሮ ይይ።

ከዚያ ቀረጻ የምትወስዱት ዘዴ ይህ ነው። ካሜራው በልጁ ዓይን ከፍታ ይሁን፤ ከላይ ወደ ታች ሲታይ ልጅ አሻንጉሊት ይመስላል። «ሳቂ» አይባልም፤ ካሉት ጥርስ ብቻ ይመጣል። መልሱን ራሳችሁ የማታውቁትን ጥያቄ ጠይቁ። እናት ከካሜራው ኋላ ቆማ በከንፈሯ ቃል አታቀብል፤ የልጁ ዓይን ወደ እሷ ይሸሻልና። ልጁ እንዲያይ የምትፈልጉት ቦታ ላይ እናቱን አስቀምጧት፤ ችግሩ ራሱ መፍትሔ ይሆናል። ሦስተኛው ቴክ (ሦስተኛው ሙከራ) ካልሆነ ሥራውን ቀይሩት፤ ልጁን ማስደገም ወደ ግጥሙ ድምፅ ይመልሰዋል።

ሕጉን እወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ያልሞላን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜና በበዓል ቀን ማሠራት አይፈቅድም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጅን ከጉልበት ብዝበዛ፣ ትምህርቱንና ጤናውን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቃል። ስለዚህ ትንሽ ልጅን እንደ ተቀጣሪ ተዋናይ ከቦታ ቦታ ይዞ መዞር የለም። ልጁ በገዛ ቤቱ ወይም በቤተሰቡ ሱቅ፣ ወላጅ ባለበት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቢበዛ ለሁለት ሰዓት ሲጫወት እቀርጸዋለሁ። ትምህርት የሚያስቀር ቀረጻ አልቀበልም። ልጁ «ደከመኝ» ካለ እቃችንን እንሰበስባለን፤ ይህን ለደንበኛው አስቀድሜ በጽሑፍ እሰጣለሁ።

ገንዘቡ የልጁ ነው። ጃኪ ኩጋን የሚባል የአሜሪካ ልጅ ተዋናይ በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ብዙ ገንዘብ አገኘ፤ ሲያድግ እናቱና እንጀራ አባቱ አጥፍተውት አገኘው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1939 በስሙ የሚጠራ ሕግ አወጣች፤ ዛሬ ከልጁ ገቢ 15 በመቶው በሕግ ይቀመጥለታል። እኛ ጋ የሚገኘው ትንሽ ስለሆነ በመቶኛ አልከፋፍልም፤ ደንበኛው በሙሉ በልጁ ስም በተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ ያስገባል፤ ደረሰኙን ወላጅ ይይዛል።

የመጨረሻው ነገር ውሉ ነው። ማስታወቂያ ላይ የተናገረው ቃል ክፍል ውስጥ ቅጽል ስም የሆነበት ልጅ አለ፤ ልጁ አድጎም ቃሉ ይከተለዋል። ስለዚህ ማስታወቂያው የት የት እንደሚታይና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በውሉ ይጻፍ፤ እኔ ከአንድ ዓመት አላሳልፍም። የልጁ ስም የትም አይጻፍም። ዓመቱ ሲሞላ ደንበኛው ማራዘም ከፈለገ ወላጆቹን እጠይቃለሁ፣ ከወላጆቹም በፊት ልጁን። አይሆንም ካለ ማስታወቂያው ይወርዳል።