ኮድድ ካሺንግን ገደል የሚከቱ ስህተቶች

ኮድድ ካሺንግ ማለት የፋይሎችን ቁራጮች አስቀድሞ ተጠቃሚዎች ጋ ማስቀመጥ፣ ኋላ ላይ የጎደላቸውን ደግሞ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ለብዙዎች በአንዴ መላክ ነው። በብዛት የሚታየው ስህተት ሁሉም ተጠቃሚ ጋ አንድ ዓይነት ነገር ማስቀመጥ ነው። በተለመደው ካሺንግ ልክ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያየውን ቪዲዮ ቅርብ ታስቀምጣላችሁ፣ አለቀ። እዚህ ግን ሁሉም ተመሳሳይ ቁራጭ ከያዘ ደርቦ የሚላክ ነገር አይኖርም።

ሀ እና ለ የሚባሉ ሁለት ፋይሎች አሉን እንበል፣ ሁለቱንም ለሁለት ቆረጥናቸው። ከበደ ሀ1ን እና ለ1ን ይዟል፣ አልማዝ ሀ2ን እና ለ2ን። ማታ ከበደ ሀን ፈለገ፣ አልማዝ ለን። እሱ የጎደለው ሀ2 ነው፣ እሷ የጎደላት ለ1። ሰርቨሩ ሁለቱን በኤክስኦር (ቢት በቢት በሚያጣምር፣ አንዱን ያወቀ ሌላውን መልሶ ሊያወጣ በሚችልበት ስሌት) ደርቦ አንዴ ይለቃል፤ ከበደ ለ1 እጁ ላይ ስላለ እሱን ሲያወጣው ሀ2 ይቀርለታል፣ አልማዝም በሀ2 እንደዚያው። የሚላከው በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው።

የተደረበውን ፓኬት (የዳታ ጥቅል) በዩኒካስት፣ ማለትም ለየሰዉ ለየብቻ፣ የመላክ ስህተትም አለ። ለእሱ ለብቻው፣ ለእሷ ለብቻዋ ከላካችሁት ምን አተረፋችሁ? ጥቅሙ ያለው እንደ ዋይፋይ ወይም ሳተላይት ባለ የጋራ መስመር አንዴ ተለቆ ሁለቱም ሲሰሙት ነው። በአየር ላይ ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስነው ሲግናሉ ደካማ የሆነው ሰው ነው፣ ስለዚህ ራውተሩ ሥር የተቀመጠውንና ጓሮ ያለውን አንድ ላይ አትደርቡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንምጣ፣ ቀመሩን አይቶ መጎምጀት። ማዳህ-አሊ እና ኒሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ዘዴ፣ 40 ተጠቃሚዎች እያንዳንዳቸው የላይብረሪውን (የሁሉንም ፋይሎች ስብስብ) ሩብ ቢይዙ፣ በተለመደው መንገድ 30 ፋይል የሚያህል መላክ የነበረበት ሰርቨር 2.7 ገደማ ብቻ ይልካል። ደስ ይላል። ግን እያንዳንዱ ፋይል 847,660,528 ቦታ መቆረጥ አለበት! አንድ ጊጋባይት ፋይል ላይ አንዱ ቁራጭ 9 ቢት ገደማ ነው የሚደርሰው፤ አንድ የአማርኛ ፊደል እንኳ በዩቲኤፍ-8 24 ቢት ይፈልጋል፣ የፓኬቱን ሄደር (ከዳታው ፊት የሚለጠፈውን አድራሻና መረጃ) ተዉት። መፍትሔው ስስትን መተው ነው። 40ውን ሰው ስምንት ስምንት አድርጋችሁ አምስት ቡድን ብታደርጓቸው የአንዱ ፋይል ቁራጭ ብዛት 28 ብቻ ይሆናል፣ የሚላከው ወደ 10 ፋይል ያድጋል። ከ30 አንጻር አሁንም ትልቅ ነገር ነው።

ሰው ሁሉ እኩል ፕሌይ ይጫናል ብሎ ማሰብም አያዋጣም። አንዱ አሁን፣ ሌላው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ እስኪገናኙ ከጠበቃችሁ የመጀመሪያው ሰው ተናዶ ይዘጋዋል። ወዲያው የማይፈለግ ነገር፣ ለምሳሌ ሌሊት የሚወርድ የሶፍትዌር አፕዴት፣ ለዚህ ዘዴ ይመቻል።

ኢንክሪፕሽንም ይረሳል። ኤችቲቲፒኤስ ለየሰዉ በየራሱ ቁልፍ ስለሚቆልፍ ያው ቪዲዮ ለሁለቱ ሲደርስ ባይቱ ሌላ ነው፣ መሀል ላይ ያለ መሣሪያ ሊደርበው አይችልም። ይዘቱ ራሱ አስቀድሞ በአንድ ቁልፍ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ውጤቱን ስትለኩም ካሽ ከሌለው ኔትወርክ ጋር አታወዳድሩ፣ ከጥሩ ተራ ካሽ ጋር እንጂ። ያ 30 ራሱ ሁሉም የተለያየ ፋይል ሲፈልግ የሚመጣ ቁጥር ነው፤ ግማሹ ሰው አንድ ኳስ ጨዋታ የሚያይ ከሆነ ያለ ምንም ኮድ አንዴ መልቀቁ ብቻ ብዙውን ይሸፍናል።