ቾካችሁን በካርቶን ፈትሹት

ፈቃድ ይዛችሁ ከቃሉ እስከ ቆቦ በሾትጋን ቆቅና ጅግራ ለምታድኑ፦ ቾኩ (አፈሙዙ ላይ የሚታሰረው፣ የጥይቱ ጥቃቅን ፍሬዎች ምን ያህል እንደሚበተኑ የሚወስነው ቱቦ) ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ። ከኋላው የአፈር ጉብታ ባለበት (ድንጋይ ከሆነ ፍሬው ነጥሮ ይመለሳል፤ በኛ አገር ደግሞ ድንጋይ የሌለበት ፈልጎ ማግኘት ነው ጣጣው) ትልቅ ካርቶን አቁሙና ከ36 ሜትር ግድም አንዴ ተኩሱ። ፍሬው በበዛበት በኩል 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሥሩ፤ ቁጠሩ። ከጥይቱ ፍሬ 70 በመቶ ያህሉ ከገባ ፉል (ጠባቡ)፣ 60 ከሆነ ሞዲፋይድ (መካከለኛው)፣ 50 ከሆነ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር (ሰፊው) ነው። ክቡ ካነጣጠራችሁበት ርቆ ከወጣ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ቆቅ ከእግር ሥር ስለምትነሳ ለእኔ ሰፊው ይሻላል፤ ፉል ከቅርብ ሥጋዋን ያደቀዋል። በአንድ ተኩስ አትፍረዱ፣ በየቾኩ ሦስት ካርቶን ይበቃል። የጥይት ዓይነት ስትቀይሩም እንደ አዲስ ሞክሩ። ቾክ የሚፈታው ጠመንጃው ውስጥ ያለው ጥይት በሙሉ ከተራገፈ በኋላ ነው።